መራቂ ያልገባበት አዳራሽ

ይህ ደሴ ውስጥ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች የምረቃ ቦታ ለመምረጥ በተሰበሰብንበት ቅዳሜ ጠዋት የተናገርኩት ነው። ያልተገኙ ወላጆች «ጻፍልን» ስላሉኝ ጻፍኩት።

እንደምን አደራችሁ። አሰላሙ አለይኩም።

ቅድም በሩ ላይ ሁለት እናቶች ቆመው ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዷ «ሜዳ ላይ ከሆነ ልጄን አላመጣም» ትላለች። ሌላዋ «ሆቴል ከሆነ እኔ ራሴ አልመጣም» ትላለች። ሁለቱም ከልባቸው ነው። ሁለቱም ለልጃቸው ብለው ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ በቴሌግራም ግሩፓችን ስንጨቃጨቅ ከርመናል። አንዱ የድምፅ መልእክት ይልካል። ሌላው ተናዶ ይመልሳል። ሦስተኛው ግሩፑን ጥሎ ይወጣል። የቀረበው ሐሳብ አራት ነው። እዚሁ ግቢያችን ሜዳው ላይ። ከተማ ውስጥ የሆቴል አዳራሽ። ኮምቦልቻ፣ ሞቅ ስለሚል፣ ጓሮ ያለው ሆቴል። አራተኛው ሐይቅ ከተማ፣ ውሃው ዳር።

እኔ ሜዳው ላይ ይሁን ከሚሉት ወገን ነኝ። ከመጀመሪያው ልናገረው። አምና ግን እንዲህ አላልኩም ነበር። አምና ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ከዚያ ፍረዱ።

ትልቋ ልጄ አምና ነው 12ኛን የጨረሰችው። ሌላ ትምህርት ቤት ነበረች፤ ስሙን አልጠራም። የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ተመራቂው 64 ነበር። ከእያንዳንዱ 3,500 ብር ሰበሰብን። 224,000 ብር መጣ። አዳራሽ፣ ምሳ፣ ኬክ፣ ዲኮር፣ ዲጄ፣ ቪዲዮ። ገንዘቡ እዚያው አለቀ። ሆቴሉ ከዚህ በላይ ሰው አልችልም ስላለን ለአንድ ተማሪ ሁለት ካርድ አደረግን። ለአባትና ለእናት። ይህን ስንወስን ሩብ ሰዓት አልፈጀብንም። እኔም እጄን አውጥቻለሁ።

በዕለቱ በር ላይ ቆሜ ካርድ የምቀበለው እኔ ነበርኩ። አራት ሰዓት ግድም አንዲት እናት መጡ። ሰባ ዓመት ያልፋቸዋል። ሻሻቸውን አስረው ኩታ ደርበዋል። በግራ እጃቸው አገልግል ይዘዋል። ከኩታበር ሌሊት ተነስተው ነው የመጡት። የልጅ ልጃቸው ተመራቂ ነው። እናቱ ጅዳ ናት፤ ለልጁ ትምህርት ቤት የምትከፍለው እዚያ ሰው ቤት ሠርታ ነው። አባቱ የለም። ከሕፃንነቱ ያሳደጉት እኚህ አያት ናቸው። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ደሴ አጎቱ ዘንድ መጣ። ሁለቱን ካርድ አጎቱና ሚስቱ ይዘው ገብተዋል።

«ካርድ አለዎት እማማ?» አልኳቸው። የለም። ጥበቃው አገልግሉን አየና «ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው» አለ። እኔም «ሞልቷል» አልኳቸው። እውነትም ሞልቶ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ የወጣው ለማን ነው? ዛሬም ድረስ ያመኛል።

አልተቆጡም። አልለመኑም። ከበሩ ፈንጠር ብለው የቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። አገልግሉን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ውሃ ገዝቼ ወሰድኩላቸው። «አብሽር ልጄ፣ ድምፁ ይሰማኛል» አሉኝ።

የማይኩ ድምፅ መንገድ ድረስ ይወጣ ነበር። ስም መጥራት ተጀመረ። እሳቸው ጆሯቸውን ወደ አዳራሹ ሰጥተው ያዳምጣሉ። የልጁ ስም ሲጠራ ቀና ብለው አዩኝ። «የኔው ነው?» አሉ። «አዎ እማማ» አልኩ። ሁለቱን መዳፋቸውን ዘርግተው ዱአ ጀመሩ። መኪና ያልፋል፣ ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋል። እሳቸው አላቋረጡም።

ልጁ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣ። ሮጦ እግራቸው ላይ ተደፋ። እሳቸው ያን ባለ አራት ማዕዘን ቆብ ከራሱ ላይ አነሱት። እጃቸውን አናቱ ላይ ማሳረፍ ፈልገው ነው፤ ቆቡ ከለከላቸው። ቆቡን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው መረቁት። «አላህ ያግራልህ። ከሰው ፊት ሞገስ ይስጥህ። ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እናትህን ለማየት ያብቃህ።» አጠገቡ የነበሩ ጓደኞቹም አንድ በአንድ ቆባቸውን እያወለቁ ጎንበስ አሉ። የእኔ ልጅም አንዷ ነበረች።

ማታ ቤት ገብቼ አሰብኩት። አዳራሹ ውስጥ ሦስት ንግግር ተደርጓል። ኬክ ተቆርሷል። ርችት የመሰለ ነገር ተተኩሷል። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግን አንድም ሰው ተነስቶ አልመረቀም። ምርቃቱ የነበረው ውጭ፣ ቦዩ ዳር ነው።

ወላጆች፣ ቃላችንን እንየው። ምረቃ። ቋንቋችን ትምህርት መጨረስንና የሽማግሌ ቡራኬን ከአንድ ግስ ነው የሚያወጣው። መረቀ። ልጅ ትምህርቱን ሲጨርስ «ተመረቀ» እንላለን። ተመረቀ ካልን ደግሞ መራቂ መኖር አለበት። ሰርተፍኬት የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ ነው። የሚመርቀው ግን ማነው?

ይህን ጥያቄ ወሎ ላይ መጠየቅ ያሳዝነኛል። ምክንያቱም እዚህ አገር ሰው መመረቅ ያውቅበታል። ቡና ሳይመረቅበት አይጠጣም። ሲያስቸግር ወዳጃ፣ ተሰብስቦ የሚደረግ ዱአ፣ ይቀመጣል። ዱበርቲዎቹ፣ ዱአ የሚያደርጉት እናቶች፣ ሲመርቁ አንዱ ቃል ሌላውን እየሳበ፣ እንደ ግጥም ቤት እየመታ ይወርዳል። ተቀምጦ የሚሰማው ግማሹ አሚን ይላል፣ ግማሹ አሜን ይላል። ውጭ ላለ ሰው አንድ ድምፅ ነው የሚሰማው። ልጆቻችን በዚህ ውስጥ ነው ያደጉት። ከቤታቸው ወጥተው ወደማያውቁት ሊሄዱ ሲሉ ይህን እንዳያገኙ የምናደርገው እኛ ነን። ለዚያውም ከፍለን።

ይህች ከተማ ስለ አዳራሽ የምታውቀው ነገር አላት። ንጉሥ ሚካኤል እዚህ ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ ምንድነው? አይጠየፍ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባጃጅ ላይ ተሳፍራችሁ «አይጠየፍ ጋ አውርደኝ» ትላላችሁ። ስሙን ግን ስንቶቻችን ቆም ብለን አዳምጠነዋል? የንጉሥ አዳራሽ ነው። «ሰፊ»፣ «ውብ»፣ «ባለ ግርማ» ተብሎ ሊጠራ ይችል ነበር። የተሰጠው ስም ግን የሚናገረው ስለ ቤቱ አይደለም፤ ስለሚገባው ሰው ነው። ማንም አይጠየፍበትም። እኛ የዚያ ከተማ ልጆች ነን። ቦታ ስንመርጥ መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ወንበሩና ስለ መብራቱ ሆነ። ማን ሊገባ እንደማይችል አንጠይቅም።

አሁን ወደ ሆቴሉ ወገን ልምጣ። ሐሳባቸውን ቀላል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም።

አንድ አባት ባለፈው ስብሰባ «12 ዓመት ከፍዬ ልጄን ጭቃ ላይ አላስመርቅም» ብለዋል። ሰኔ ነው፤ ዝናብ ይመጣል። የደሴን ጉምና ብርድም እናውቀዋለን። ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው።

ከዚህ የከበደው ግን አንዲት እናት ያነሱት ነው። «ከነዚህ ልጆች ስንቱ ዩኒቨርሲቲ እንደሚገባ ማን ያውቃል? ዛሬ ካላማረባቸው መቼ ሊያምርባቸው ነው?» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሁላችንም ያሰብነውን ነው የተናገሩት።

ቁጥሩን እናውቃለን። ብሔራዊ ፈተናው ተማሪዎችን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ መስጠት ከተጀመረ ወዲህ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በጣም ጥቂት ነው። በመጀመሪያው ዓመት፣ ማለትም ለ2014 ተፈታኞች፣ 3.3 ከመቶ ነበር። በ2015 3.2 ሆነ። በ2016 5.4 ደረሰ። በእኛ ጊዜ 12ኛ ክፍል ጋዋን አይለበስም ነበር። ሰኔ 30 ሰርተፍኬት እንቀበላለን፤ ደረጃ የወጣው ደብተርና እስክርቢቶ ይሸለማል። ጋዋን የዩኒቨርሲቲ ነበር። ዛሬ ልጆቹ ሳይፈተኑ ነው የሚመረቁት። ለብዙዎቹ ይህ ጋዋን የመጨረሻቸው ሊሆን ይችላል። የዚያች እናት ንግግር አንጀቴን በልቶታል። አልረሳሁትም።

ግን እማዬ፣ እዚህ ካሉ ይስሙኝ፣ እኔን ወደ ሜዳው የወሰደኝ ይሄው የእርስዎ ቃል ነው። የመጨረሻው ሊሆን የሚችል ቀን ከሆነ ያሳደገው ሰው በሙሉ ይምጣ። አያቱ፣ አክስቱ፣ በልጅነቱ ያዘለችው የጎረቤት ልጅ፣ በተራበ ጊዜ ቁርስ ያበላው ባለ ሱቅ። ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ ከአራት ዓመት በኋላ ሌላ ቀን ያገኛል። ያልገባው ልጅ ግን ይህን ቀን ነው የሚያስታውሰው። የሚያስታውሰው የመጋረጃ ዲኮርና የባሉን ግድግዳ ይሁን? ወይስ ፊት ለፊቱ የተቀመጡ የራሱ ሰዎች ፊት?

ፈተናውንም እንደዚሁ ነው የማየው። ልጆቹ ከምረቃው በኋላ ሻንጣ ይዘው ወደማያውቁት ግቢ ሄደው ያድራሉ። ብዙዎቹ ከቤታቸው ውጭ ብቻቸውን ሲያድሩ የመጀመሪያቸው ነው። እንግዲህ ይህ ምረቃ የመጨረስ በዓል ብቻ አይደለም። መሸኛም ነው። ልጅ ደግሞ የሚሸኘው ከቤት ነው። ትምህርት ቤታቸው ቤታቸው ነው።

ይህ ግቢ ለእነዚህ ልጆች ምን እንደሆነ አስቡት። ኮሮና መጥቶ መጋቢት 2012 ትምህርት ሲዘጋ ስድስተኛ ክፍል ነበሩ። በ2013 ክረምት ከቆቦ፣ ከወልድያ፣ ከመርሳ የተፈናቀለው ወገናችን ደሴ ሲገባ ያደረው በከተማችን ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ሥር ፍራሽ ተነጠፈ። ዴስክ ላይ ልጅ ተኛ። ከዚያ ጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ራሷ ላይ ደረሰ። የኛዎቹ ስምንተኛ ክፍል ነበሩ። ማን በእግሩ የሐረጎን ቁልቁለት እንደወረደ፣ ማን ደብረ ብርሃን እንደደረሰ፣ ማን ቤቱን ዘግቶ እንደተቀመጠ ሁላችንም እናውቃለን። ኅዳር መጨረሻ ከተማዋ ተለቀቀች። የተመለሱት ወዴት ነው? ወደ ክፍላቸው። ልጄ ያን ሰሞን ከትምህርት ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚነግረኝ ስለ ትምህርቱ አልነበረም። ማን እንደተመለሰና ማን እንዳልተመለሰ ነበር። ሜዳው ላይ እየተቆጠሩ ነው ያደጉት። እዚያው ሜዳ ላይ ስማቸው ይጠራ።

ፎቶም ቢሆን የጦሳ ተራራ ከኋላቸው አለላቸው። ከዚያ የበለጠ ዲኮር በብር አይገዛም።

ስለ ዝናቡ። ድንኳን አለን። እያንዳንዱ ሰፈር ቅሬ፣ ማለትም እድር፣ አለው። ቅሬ ደግሞ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሳህን፣ ሁሉም ነገር አለው። ይህን ግሩፑ ላይ ስጽፍ አንድ ሰው «የለቅሶ ድንኳን ለልጄ ምረቃ አልፈልግም» ብሎ መለሰልኝ። አልተቀየምኩም። ብዙ ሰው እንዲህ ይሰማዋል። ግን የቅሬ ድንኳን ሠርግም ይደገስበታል። አባቴ ሲሞት ሦስት ቀን የተቀመጥኩበት ድንኳን ነው በዓመቱ እህቴ የተዳረችበት። ያስተከለው ያው ጎረቤት ነው፣ ካስማ የመታው ያው ልጅ። ያ ድንኳን ሐዘናችንን ችሎ የለም? ደስታችንን እንዴት አይችልም?

ስለ ምግቡ ብዙ ተጨንቀናል። ሆቴል ኩሽናው አንድ ነው። እኛ ደግሞ ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ነን። ሠርግ ሲኖር ለሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይበሰላል፤ ማንም አያዝንም። አምና አዳራሹ ውስጥ ሥጋው የየት እንደሆነ የጠየቀ ሰው ሁሉ ተሳቀቀ፤ ብዙዎች ሰላጣና ዳቦ በልተው ወጡ። አሁን ግን ቀኑን እዩት። የሐዋርያት ፆም ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሐምሌ 5 ነው። ምረቃው በፆሙ መሐል ይውላል። እንግዲያ ሥጋ ጭራሽ አይኑር። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት። የፆም ምግብ ለሁሉም ይሆናል። አንድ መሶብ ዙሪያ ሁላችንም መቀመጥ የምንችልበት ወር ከተገኘ እሱ ሰኔ ነው። ለድግስ የሰነፈ ወር ይመስለን ነበር፤ ለእኛ ግን ከሁሉም የተመቸ ነው።

ኮምቦልቻና ሐይቅ ላይ ብዙ አልቆይም። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን ሐረጎን ወርዶ መውጣት አለ። ሐይቅም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱም ውብ ናቸው። መንገድ በሆነ ምክንያት ቢዘጋ ግን ምረቃውም ተዘጋ ማለት ነው። አመሻሽ ላይ ይህን ሁሉ ልጅ በሚኒባስ ማመላለስን ደግሞ ልቤ አይችለውም። ሐይቅን ለሽርሽር እናቆየው። ከፈተናው ሲመለሱ ይሂዱ፣ ይዋኙ፣ ይጨፍሩ።

ልጆቹን ጠይቄያቸዋለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አብዛኞቹ የሚፈልጉት ሆቴሉን ነው። ዲጄ፣ መብራት፣ ቲክቶክ ላይ የሚያዩትን። አልፈርድባቸውም፤ 18 ዓመታቸው ነው። አንዱ ልጅ ግን ጓደኞቹ ከሄዱ በኋላ ቀርቶ «ጋሼ፣ ሆቴል ከሆነ ስንት ሰው ማምጣት እችላለሁ?» አለኝ። «ሁለት» አልኩት። ጣቶቹን መቁጠር ጀመረ። አምስት ላይ ሲደርስ ተወው። ስለዚህ የምለው፣ ጠዋቱ የወላጅ ይሁን፤ ከሰዓት በኋላው የእነሱ። ድምፅ ማጉያው ይቁም፣ ይጨፍሩ፣ እኛ ወደየቤታችን እንሂድ።

ገንዘቡን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናት አንድም ቃል አልተናገሩም። ስንበተን በር ላይ ጠበቁኝና ዝግ ብለው «ጋሼ፣ እኔ ሆቴል ገብቼ አላውቅም። ምን ለብሼ ነው የምመጣው?» አሉኝ። ስለ ብሩ አላነሱም። ብሩን ተበድረውም ይከፍላሉ፤ ልጃቸው ከጓደኞቹ እንዳያንስ። ያስጨነቃቸው በሩ ነው። በስብሰባ ላይ ዝም ያለውን ሰው ሁሉ «ተስማምቷል» ብለን አንቁጠር። ዛሬ እጅ ከማውጣታችን በፊት ዝም ያሉትን በየአጠገባችን ቀስ ብለን እንጠይቃቸው። እኔ አምና ይህን ብጠይቅ ኖሮ እኚያ የኩታበር እናት ቦይ ዳር አይውሉም ነበር።

የማቀርበው ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው። ምረቃው ሰኔ 14 እሁድ ይሁን። አራት ሰዓት ይጀመር፤ ከቅዳሴ የሚወጣውም ይደርሳል። ለዙሁር ሰላት የሚሄደው ሄዶ እስኪመለስ ምሳ አይነሳም። ካርድ የለም። ማንም ሰው ያሳደገውን ልጅ ለማየት ወረቀት አይጠየቅም። የፊተኛው ረድፍ ወንበር ለአያቶችና ለሽማግሌዎች ይሁን፤ የክብር እንግዳ ካለ ከእነሱ ቀጥሎ ይቀመጥ። ሰርተፍኬት ከመታደሉ በፊት ልጆቹ ቆባቸውን አውልቀው ይቁሙ። ከየእምነቱ አንድ አንድ አባትና አንድ አንድ እናት ተነስተው ይመርቁ። ስም ከዚያ በኋላ ይጠራ።

የቅሬያችንን ዕቃ ያዥ ትናንት አነጋግሬያቸዋለሁ። ሁለት ድንኳን ይሰጡናል። አግዳሚ ወንበሩ ስለማይበቃ ከሁለት ሰፈር መጨመር አለበት። ድንኳኑን ቅዳሜ ማታ የሚተክል ሰው እፈልጋለሁ። ቢያንስ አሥር ጎልማሳ። እኔ አንዱ ነኝ። ዘጠኝ ቀረ።